ጁ ሺ ከቡድሂስቶች ተበደረ ወይስ የራሱን ጎተራ ከፈተ?

ሄኖክ፦ ኮንፊሽየሳውያን ቡድሂዝምን አሸነፉ የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። የታንግ ዘመኑ ኮንፊሽየሳዊ ባለሥልጣን ሀን ዩ እሺ፣ በ819 (በፈረንጅ ነው) ንጉሡ የቡድሃን አጥንት ቤተመንግስት ሊያስገባ ሲል "የበሰበሰ አጥንት" ብሎ ጽፎ ለጥቂት ከሞት ተርፎ ወደ ደቡብ ተጋዘ፣ እሱ ፊት ለፊት ነው የተጋፈጠው። ከ300 ምናምን ዓመት በኋላ የመጣው ኮንፊሽየሳዊ ፈላስፋ ጁ ሺ ግን በወጣትነቱ ከቻን መነኩሴ ተምሮ (ቻን ጃፓኖች ዜን የሚሉት የቡድሂዝም ዘርፍ ነው)፣ ተማሪውን በጸጥታ ቁጭ በል እያለ፣ "ሊ" (የነገሮች ውስጣዊ ሥርዓት) የሚለውን ቃል ቡድሂስቶቹ በደንብ ካሹት በኋላ አንስቶ፣ ዞሮ እነሱኑ ይሰድባል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

ማህሌት፦ ሄኑዬ፣ "ሊ" እኮ ቡድሂዝም ቻይና ሳይገባ የነበረ ቃል ነው። ቡድሂስቶቹ የሰው ልብ ምንድነው ብለው ሲያፋጥጧቸው ኮንፊሽየሳውያኑም የራሳቸውን ቤት ፈተሹ፣ በቃ። "ታላቁ ትምህርት" እና "መካከለኛው መንገድ" "የሥርዓት መጽሐፍ" የሚባለው የኮንፊሽየሳውያን ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ምዕራፎች ነበሩ፣ ጁ ሺ አውጥቶ ከኮንፊሽየስ ንግግሮችና ከተከታዩ ከሜንሲየስ መጽሐፍ ጋር በ1190 አራቱን አንድ ላይ አሳተመ። ደግሞ መነኩሴው ቤቱን ጥሎ ይወጣል፣ ታላቁ ትምህርት ግን ከልብህ ጀምሮ ወደ ቤተሰብህ ከዛ ወደ አገር ነው የሚወስድህ።

ሄኖክ፦ አወጣ ብቻ? ብሩሹን ይዞ ገባበት እንጂ! የ"ታላቁ ትምህርት"ን ቅደም ተከተል አዟዟረ፣ "ሕዝብን መውደድ" የሚለውን ከሱ በፊት የነበረውን የኮንፊሽየሳዊውን የቼንግ ዪን ሃሳብ ተከትሎ በአንድ ፊደል "ሕዝብን ማደስ" አደረገው፣ ይባስ ብሎ አምስተኛው ክፍል ጠፍቷል ብሎ ራሱ 134 ፊደል ጻፈለት። እዛ ውስጥ ምን ይላል መሰለሽ፣ አንድ ቀን ድንገት ሁሉም ይገለጥልሃል! ይሄ ቻን ካልሆነ ምንድነው?

ማህሌት፦ "ረጅም ጊዜ ከለፋህ በኋላ" የሚለውን ለምን ዘለልከው? ነገሮችን አንድ በአንድ መርምር ነው የሚለው። ደሞ የጨመርኩት እኔ ነኝ ብሎ እዛው ጽፏል፣ አጭበርባሪ እንደዛ አያደርግም። እኔን የሚያናድደኝ በ1313 በወጣ አዋጅ የሱ ማብራሪያ የመንግስት ፈተና መልስ ሆኖ እስከ 1905 መሸምደዱ ነው። በኋላ ዘመን የመጣው ኮንፊሽየሳዊ ፈላስፋ ዋንግ ያንግሚንግ ምስኪኑ፣ መርምር ስለተባለ ሰባት ቀን ቀርከሃ ላይ አፍጥጦ ታሞ ተነሳ፣ በኋላ "የድሮው ጽሑፍ ይሻላል፣ መውደድ የሚለውም ይቆይ" አለ።

ሄኖክ፦ እና የጁ ሺ ተከታዮች ዋንግን ምን አሉት? "ይሄማ ቻን ነው"!