የቸንግየቸን ውኃ በራሱ አልተመለሰም

በጅማ ስለ አዌቱ ወንዝ ዳርቻ መናፈሻ በሰጡት ሐሳብ ላይ፣ «በሴኡል የቸንግየቸንን ቦይ የሸፈነው መንገድ ሲነሳ ውኃው በራሱ ተመልሶ ፈሰሰ፤ እኛም ዳርቻውን ካጸዳን ወንዙ ራሱን ያጠራል» ያሉትን በአክብሮት ላርም። አባባሉ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ቸንግየቸን ከ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እየተቆፈረ ዳርቻው የተገነባ የከተማ ማፋሰሻ ሲሆን፣ በበጋ ይደርቅ ነበር። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 5.8 ኪሎ ሜትሩ ለሕዝብ ሲከፈት፣ የሚፈሰው ውኃ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ነበር፤ መጠኑም በቀን 120,000 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲሆን ታስቦ ተሠራ። የከተማው ቆሻሻ ፍሳሽም በሁለቱ ዳርቻዎች ሥር በተቀበሩ ቱቦዎች ተጠልፎ ይወሰዳል፤ መናፈሻውን ደግፎ የያዘው ይህ ከዓይን የተሰወረ ሥራ ነው።

የጅማ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፣ ይህም በእውነት ዕድላችን ነው። አዌቱ ፓምፕ አያስፈልገውም፤ የሚጎዳው ከየሰፈሩ የሚለቀቅበት ፍሳሽ ነው። በሐምሌ ከከባድ ዝናብ ማግስት ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ቡናማውን ውኃና በቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል ያያል፤ ያ ሁሉ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ስለዚህ ከንጣፍና ከአግዳሚ ወንበር በፊት የፍሳሹ መጥለፊያ ቱቦ ይቀድማል። ዳርቻውንም በግንብ ከማጥበብ ይልቅ፣ በክረምት ውኃ ቢተኛበት የማይጎዳ፣ ሣር የለበሰ ደረጃ አድርጎ መተው ይሻላል፤ በሴኡልም ቢሆን ከባድ ዝናብ ሲጥል የታችኛው መተላለፊያ ለእግረኛ ይዘጋል።