መልአኩ ስም ሲያወጣ ፍለጋ አልነበረም

ስልክን «ዘ ፊልድን አጫውትልኝ» ማለት ድሮ ቀላል ነበር። አክሰል ዊልነር የተባለው ስዊድናዊ በዚህ ስም የመጀመሪያ አልበሙን በኮሎኙ የሙዚቃ አሳታሚ ኮምፓክት በኩል ያወጣው በ2007 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከአንድ ዘፈን ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ድምፅ ቆርጦ፣ ደጋግሞ እያሽከረከረ ሰውን በቁሙ የሚያስመንን ሙዚቀኛ ነው። በ2020 ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ በታዋቂው ዘ ዴይሊ ፖድካስቱ ሥር ስለ አሜሪካ ምርጫ የሚያወራ ዝግጅት ጀመረና ስሙን ዘ ፊልድ አለው። ምት የጠየቀ ጆሮ የድምፅ ቆጠራ ቢመጣለት እንግዲህ ማንን ይክሰስ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ከተረቶች ሁሉ ይህን የሚያህልብኝ የለም። ችግሩ መልአኩ ሥራ የለመደው በሰፈር ዘመን መሆኑ ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት ታደሰ ቢገኝ ማንም አይደናገርም፤ የአባት ስም አለ፣ እሱ ቢገጥም የአያት፣ አያትም ቢገጥም «ቀዩ ታደሰ»፣ «ባለ ወፍጮው ታደሰ» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ፖድካስት ግን አባት የለውም። ሁለት ማይክ፣ አንድ ሶፋ፣ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሰላምታ፣ ከዚያ ከመዝገበ ቃላት የተነጠቀ አንድ ተራ ቃል። ስሙም ፖድካስቱን ወደ ማድመጫዎች በሚያደርሰው አርኤስኤስ በሚባለው ፋይል ውስጥ በርዕስ መስመር ላይ የተጻፈ ቃል ብቻ ነው። «ይሄ ስም ባለቤት አለው» ብሎ በር ላይ የሚያቆም ዘበኛ የለም።

የሙዚቃው ቤትስ ቢሆን መቼ ዘበኛ አለውና! አንድ ዘፈን አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ 2 ለአገር፣ 3 ለመዝጋቢ፣ 2 ለዓመት፣ 5 ለተራ ቁጥር። ይህ ሁሉ የሚለየው ቅጂውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለሰውየው ባለ 16 አሃዙ አይኤስኤንአይ አለለት፤ ስንቱ ሙዚቀኛ እንዳለው ግን ራሱን ሙዚቀኛውን መጠየቅ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚያደርሰው አከፋፋይ ፋይሉን ሲልክ ማመሳከሪያው ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ሥራ ላይ «ይህ አርቲስት ገጽ አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ የቸኮለ ሰው ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ይነካል። በማግስቱ የአዲስ አበባው ልጅ ቴክኖ በአንድ የብራዚል ዘማሪ ገጽ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ገንዘቡ አይጠፋም፣ ክፍያው የሚሄደው ወደ ጫነው ሰው ሒሳብ ነው። የሚጠፋው ሰሚው ነው፤ የአዲስ ሥራ ማሳወቂያው ለዘማሪው ተከታዮች ይደርሳል፣ እነሱም ሁለት ሴኮንድ ሰምተው ያልፋሉ። ማረሚያው ከስም ይልቅ የትክክለኛውን ገጽ ሊንክ ልኮ ማስነሳት ነው፤ መልሱ ቀናት ይፈጃል፣ ሥራው የወጣበት ሳምንት ደግሞ አይጠብቅም። ይሄ ሁሉ ኩባንያ ሰው ቀጥሎ የሚሰማውን ዘፈን እተነብያለሁ እያለ ሁለት ታደሰን መለየት ያቃተው ለምንድን ነው? የአልበሞች መዝገብ የሆነው ድረ ገጽ ዲስኮግስ እንኳ በሞክሼዎቹ ስም ጎን በቅንፍ 2፣ 3 እያለ ሲለያቸው ኖሯል።

ጉልበት ያለው ደግሞ ወደ ጠበቃ ይሄዳል። ካናዳዊው ሙዚቀኛ ዳን ስናይዝ ማኒቶባ በሚል ስም ሲሠራ፣ ሃንድሰም ዲክ ማኒቶባ የተባለ የኒው ዮርክ ፓንክ ዘፋኝ ስሜ ተወሰደ አለ። ማኒቶባ የካናዳ ክፍለ ግዛት ነው! አሜሪካዊው በካናዳ ግዛት ስም ካናዳዊውን አስለቀቀ፤ ሰውየውም ካሪቡ ሆኖ አረፈው። እንግሊዞቹ ኬሚካል ብራዘርስም እስከ 1995 ደስት ብራዘርስ ነበሩ፤ ስሙ የአሜሪካኖች ሆኖ ተገኘ። የእኛው አቤል ተስፋዬም ዘ ዊኬንድ ልባል ሲል በዚሁ ስም የሚጠራ የካናዳ ባንድ ቀድሞት ስለነበር ከእንግሊዝኛው ስሙ አንዲት «ኢ» ነቅሎ ጣለ። በ2023 ማኅበራዊ ገጹ ላይ አቤል ተስፋዬ ብሎ ጻፈ። ድሮውንስ ይሄ ስም ምን ጎደለው?

ሙዚቀኛውን እንደገና ሙሉን ደግሞ ተመልከቱ። መልአኩ «እንደገና»ን የመሰለ፣ ሁለተኛ የማይገኝለት ስም ሰጥቶት፣ እሱ ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃው የመረጠው «ኢትዮጵያን ሪከርድስ»ን ነው። ፈልጉት እስቲ። የድሮዎቹ ሸክላ አሳታሚዎች አምሃ ሪከርድስ ይመጣል፣ ካይፋ ይመጣል፣ የአሮጌ ሸክላ ነጋዴ ሁሉ ይመጣል።

ፖድካስት ከፋቾች ሆይ፣ ነገሩ የአንድ ቡና ጊዜ አይፈጅም። ስሙን ስፖቲፋይ፣ ዩቲዩብና ዲስኮግስ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ በዓለም አቀፉ የንግድ ምልክት መፈለጊያ ክፍል 9ን እና ክፍል 41ን እዩ፤ የመጀመሪያው ቅጂዎችን፣ ሁለተኛው መዝናኛን ይይዛል። አገር ውስጥ የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሰው ካለበት ሁለተኛ ቃል ጨምሩ፤ ቃል በነጻ ነው።

ዘ ፊልድስ? የምርጫው ወሬ አልቋል፣ ስሙ ግን ፍለጋው ላይ እንዳለ ነው። ዊልነርን የሚፈልግ ከስሙ ጎን «ኮምፓክት» ብሎ ይጻፍ፤ በድምፅ ለሚጠይቅ ግን እስካሁን መላ የለውም።