ስለ ፒውተር ዕቃ፦ የእሳትና የእርሳስ ነገር አይዘንጋ

ዋንጫ፣ ሳህንና ማንቆርቆሪያ ስለሚሠራበት ፒውተር ስለተባለው ብረት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ፒውተር የቆርቆሮ ቅይጥ መሆኑን መግለጻቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ሲባል እኛ ዘንድ ወዲያው የቤት ክዳን ስለሚታሰብ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር። የቤት ክዳኑ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲሆን፣ ፒውተር የሚሠራበት ቆርቆሮ ግን በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ለስላሳ ነጭ ብረት ነው። ከዛሬው ፒውተር ብዙውን ጊዜ ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው ይኸው ሲሆን፣ ጥንካሬ እንዲኖረው ጥቂት አንቲሞኒ የተባለ ብረት መሰል ማዕድንና መዳብ ይጨመርበታል።

ጽሑፉ የእሳትን ነገር በአጭሩ ማለፉ አሳዝኖኛል። እዚህ ደሴ ሻዩም ቡናውም በከሰል ይፈላል፤ እናቴ ከአያቴ የወረሰቻትን የፒውተር ማንቆርቆሪያ አንድ ቀን ፍም ላይ ጥዳት ውኃው ሲያልቅ ታችኛው ክፍሏ ቀልጦ ከአመዱ ጋር ተቀላቀለ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እርሳስ፣ መጻፊያው ሳይሆን መርዛማው ብረት፣ ነው። በጥንቱ ፒውተር ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ እርሳስም እንደ ጠጅ፣ ሎሚና ኮምጣጤ ባለ ጎምዛዛ ነገር እየሟሟ ወደ ሰውነት ስለሚገባና በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፣ ከምን እንደተሠራ ያልታወቀ አሮጌ ዋንጫ ለመደርደሪያ ጌጥ እንጂ ለመጠጫ መዋል የለበትም። ከእርሳስ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠው ለዋንጫም ለሳህንም መልካም ነው፤ ሲታጠብም ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጫጫራልና በለብ ያለ ውኃና በሳሙና እንጂ እንደ ብረት ድስት በአመድና በአሸዋ አይፈተግ።