ሰሜን ተራሮች ላይ ሲግናሉ አለ፣ ስልኩ ግን የለም

ኧረ ወገን፣ ይሄ የሰሜን ተራሮች ኔትወርክ ነገር መቼ ነው መላ የሚገኝለት? ጎንደር ፒያሳ ተቀምጦ ጉዞ የሚሸጠው ሰውዬ «ተራራው ላይ ኔትወርክ አለ» ብሎ እንግዳውን ይሸኛል። እንግዳው ሳንቃበር ካምፕ ደርሶ ስልኩን ወደ ሰማይ ማንሳት ሲጀምር የሚያፈጠው ግን አስጎብኚው ላይ ነው። አጃቢው ስካውት ላይ፣ ምግብ አብሳዩ ላይ። ታወሩን እነሱ የተከሉት ይመስል!

ቁርጡን «የለም» ቢባል እኮ ይሻላል። የሚያናድደው ሁለት የሲግናል ባር እያሳየ አለመሥራቱ ነው። «ስልክህ አሮጌ ሆኖ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ሰልችቶናል፤ ስለዚህ እናፍታታው።

ባሩ የሚነግራችሁ ስልኩ ታወሩን ምን ያህል እንደሚሰማው ብቻ ነው። ታወሩ ስልኩን ይስማው አይስማው ባሩ አያውቅም። የታወር ማሰራጫ በ20፣ በ40 ዋት ነው የሚጮኸው። የናንተ ስልክ አቅሙ በ2ጂ ቢበዛ 2 ዋት፣ በ4ጂ ደግሞ 0.2 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ስልኩ ይጠራል፣ እናንተ ትሰማላችሁ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ግን «ሃሎ? ሃሎ?» ብሎ ብሎ ይዘጋዋል። ካርዱ ግን ተበላ!

ሌላው ጉድ የገደል ጫፍ ነው። እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል አፋፍ 3,926 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ቆሞ ወደ ቆላው የሚያይ ስልክ ፊቱን የሚከልለው ነገር የለም፣ እጅግ ሩቅ ያለ ታወር ሳይቀር ይሰማል። 2ጂ ግን ከአሠራሩ የመጣ የ35 ኪሎ ሜትር ገደብ አለው። ምልክቱ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ከተመደበለት ካለፈ ታወሩ ጥሪውን አይቀበልም። ባሩ ሙሉ፣ ጥሪው ዜሮ። በገደቡ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ እኩል እኩል ስለሚሰሙ ስልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል መስመሩ ይቆረጣል። ታዲያ ሕዝቡ ኔትወርክ ፍለጋ ወየት ይሄዳል? ወደ ጫፉ! ኧረ ተው! ከጫፉ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ታወር ብቻ ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ መፈለግ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ባይሻል እንኳ ሰው አይሞትም።

መብራቱስ? ታወር በመብራት ይሠራል፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ፣ ባትሪው ሲዳከም በጀነሬተር። ባትሪው ካረጀ ወይም ናፍጣው ካለቀ በሰዓታት ውስጥ ጸጥ ይላል። ተራራ ላይ ያሉ ታወሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮዌቭ፣ ማለትም ያለ ገመድ በሬዲዮ ሞገድ፣ እየተቀባበሉ ነው የሚገናኙት፤ መሐል ላይ ያለው አንዱ ሲጠፋ ከሱ ወዲያ ያሉት መብራትም ባትሪም ኖሯቸው ባዶ ይሆናሉ። ስልኩ ባር እያሳየ ምንም የማይወጣበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው።

እስቲ አሁን የሚሠራውን እንነጋገር። ከፓርኩ መግቢያ ከደባርቅ ሳትወጡ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልኩን 2ጂ ብቻ አድርጉት። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራው 2ጂ ከፍ ካሉት ሞገዶች ይልቅ ርቆ ይሄዳል፣ ስልኩም ጮክ ብሎ ይመልሳል። ኢንተርኔቱ ይሞታል፤ ግን ፎቶ ከጨነቅ ካምፕ መላክ የግድ ነው እንዴ? ስትመለሱ ዳባት ላይ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ላኩት።

ካልደወላችሁ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን። ታወር የራቀው ስልክ ሲፈልግና ባለ በሌለ ኃይሉ ሲልክ ነው ቻርጁን የሚጨርሰው። ብርዱ ደግሞ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ ሌሊት ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቧቸው። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ፍላይት ሞድ ላይም ይሠራል። ካርታውን ብቻ ጎንደር ዋይፋይ ሳለ አውርዱ።

መልእክት መላክ ካለባችሁ ኤስኤምኤስ ይሁን፤ ጥሪ በማያልፍበት ቦታ ሾልኮ ይሄዳል። ሲያጥር ነው ታዲያ! በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ ክፍት ቦታው ጭምር። ካለፈ ይቆራረጣል፤ አንዷ ቁራጭ ከቀረች ሙሉው ላይነበብ ይችላል። «ጨነቅ ደርሰናል ደህና ነን ነገ 9 ሰዓት መኪና ላኩ» በቂ ነው። የእግዜር ሰላምታው ጎንደር ስትገቡ ይደርሳል።

የበቅሎ ጫኙንና የስካውቱን ገንዘብ ተራራ ላይ በሞባይል እከፍላለሁ የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉት። በኮከብና መሰላል የሚገባበት አገልግሎት ግንኙነቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ ብሩ ተላልፎ ማረጋገጫው ላይመጣ ይችላል። ሒሳባችሁን ሳታዩ ደግማችሁ ከላካችሁ ሁለቴ ከፈላችሁ። ደባርቅ ላይ ጥሬ ብር፣ ያውም ዝርዝር፣ ያዙ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሕመም ነው። ጨነቅ ወደ 3,600 ሜትር፣ የቧሂት ተራራ ከ4,400 በላይ ነው። ከፍታው ያመመው ሰው ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰውና ሲራመድ ከተንገዳገደ «ኔትወርክ እስኪመጣ» ተብሎ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ነው። ቀድሞ የሚሮጥ ሰው ካለ በወረቀት ጽፋችሁ አስይዙት፦ ማን እንደታመመ፣ የት እንዳለ፣ በየት መንገድ እንደሚወርድ። የቃል መልእክት መንገድ ላይ ይለወጣል።

በፈረንጆቹ ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ የሆነ ፓርክ ነው እኮ! ብርቅ ነገር አልጠየቅንም። ከተማ ላይ ያዘነበሉት አንቴናዎች ባሉበት ታወር ላይ አንድ ፊቱን ወደ ካምፖቹ ያዞረ ይጨመር። ያረጀው ባትሪ ይቀየር። ጥምቀት ላይ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ሲበዛ መስመሩ መጨናነቁን እንረዳለን፤ ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ግን ምን የሚሉት መጨናነቅ ነው? ታወር ሲጠፋም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይነገርና ደባርቅ በር ላይ ወረቀት ይለጠፍ። እንግዳው ያንብበው፣ ለሚስቱ ይደውልላት፣ ከዚያ ይውጣ።