በእግዚአብሔር እታመናለሁ፣ ዱቤ ግን የለም

እኔ የምሰራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ነው፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሰርግ መጥሪያ፣ ማመልከቻ ምናምን እንሰራለን፣ ግን እንጀራ የሚያበላኝ እውነቱን ለመናገር ስቲከር ነው። ባጃጅ ኋላ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ ማለቴ ነው። ጎንደር ውስጥ ስትዞሩ ከፊታችሁ ያለው ባጃጅ "ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም" እያለ ጭስ ካለበሳችሁ እጄ አለበት ማለት ነው። ፊደሉ ተንጋዶ ከሆነ ግን የረዳቴ ነው፣ እኔ አላንጋድድም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቅስ ስቆርጥ ኖሬ የቱ እንደሚሸጥ የቱ እንደማይሸጥ ማንም ሰባኪ አይነግረኝም። አንደኛ የሚሸጠው ያው "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" ነው፣ እሱ ላይ ችግሩ ቁጥሩ ነው፣ አንዱ መዝሙር 22 በልልኝ ይላል ሌላው 23 ነው ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ፣ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው፣ አንዴ ሁለት ደንበኞች እዚሁ ቆመው በእረኛው ጉዳይ ሊደባደቡ ሲሉ ጊዜ በቃ ቁጥሩን መጻፍ ተውኩት። ከዚያው መዝሙር ደግሞ "በፊቴ ገበታን አዘጋጀህልኝ በጠላቶቼ ፊት ለፊት" የሚለውን የሚያዘው በብዛት ምግብ ቤት ነው። ጠላቶቼ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም፣ ግን ሲያዙኝ ሁሉም ባይናቸው መንገዱን ተሻግረው ወደ ጎረቤት ምግብ ቤት ገርመም ያረጋሉ።

የፈተና ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ"፣ ካልኩሌተር ኋላ ላይ የምትለጠፍ አድርገህ አሳንሳት ይሉኛል። ጳውሎስ ይቺን የጻፋት እስር ላይ ሆኖ ነው፣ ከሷ በላይ ያለው ቁጥር የሚያወራው ስለ መራብና ስለ መጥገብ፣ ስለ ማጣትና ስለ ማግኘት ነው፣ ሁለቱንም እችለዋለሁ ነው የሚለው ሰውዬው። ስለ ካልኩለስ አንድም ቃል የለም። ግን ለደንበኛ ይሄ ይነገራል? አልናገርም፣ አሳንሳታለሁ።

"ጠላቶቻችሁን ውደዱ" በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አላዘዘኝም። "ለነገ አትጨነቁ" አንዴ ታዟል፣ ያዘዘው ሰውዬ ቀብድ ከፍሎ በማግስቱ ተጨንቆ መጥቶ ሰረዘው።

የኔዋ ጽሑፍ ቤትስ ምን ለጥፋለች አትሉም? ከላይ "በእግዚአብሔር እታመናለሁ"፣ ከሱ ዝቅ ብሎ "ዱቤ የለም"። ሁለቱን አንዱን ከአንዱ ስር አስጠግቼ የለጠፍኳቸው ቦታ ስለጠበበኝ ነው እንጂ ምንም አስቤ አልነበረም፣ አሁን ግን ሰው እንደ አንድ ጥቅስ ነው የሚያነባቸው፣ አንድ ደንበኛ እንደውም የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው ብሎኛል። ይፍረድብኝ ያለ ይፍረድ። ሰው ከመቶ ሃምሳ ብር ስቲከሩ ላይ መቶውን ከፍሎ "ሃምሳውን ነገ፣ እግዜር ካለ" ብሎ ሲወጣ ያቺ ሃምሳ ብር ከዚህ ዓለም እንደተለየች አውቃለሁ። ሐዋርያው ያዕቆብ "ጌታ ቢፈቅድ ብንኖር ይህን ወይም ያን እናደርጋለን" በሉ ሲል ነገ በእጃችሁ አይደለም ማለቱ ነበር፣ እኛ ግን ብድር መክፈያ ቀን ላይ ብቻ ስራ ላይ አዋልነው። እስቲ እቁብ የደረሰው ሰው "እግዜር ካለ እቀበላለሁ" ሲል የሰማ አለ? በጠዋት ነው የሚመጣው፣ ዋሶቹንም ይዞ። ደሞ ዋሱን ስታዩት የእቁቡ ሰብሳቢ "ከእግዚአብሔር በታች ማን ይዋስሃል?" ነው የሚለው፣ ከላይ ያለው ዋስ ብቻውን ቢሆን አንቀበለውም ማለት ነው በጨዋ ቋንቋ።

አሁን ወደ አከራዬ ልምጣ። እትዬ ነው የምላቸው። ዳዊት ሳይደግሙ ከቤት አይወጡም፣ ጾም አያፈርሱም፣ ወር በገባ በሰባት የሥላሴ ማኅበር አላቸው፣ ሰው ተጨነቀ ሲባል "እሱ ያውቃል፣ ለሱ ስጡት" ይላሉ፣ ሲሉትም ያምርባቸዋል። ብቻ አንድ የውሃ በርሜል አላቸው። ጎንደሬ ለሆነ ሰው የውሃን ነገር ማስረዳት የለብኝም፣ ያልሆነው ግን ይወቅ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃው ደግሞ ፈረቃ የለውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧዋ ሽሽሽ ስትል ጊቢው በሙሉ እንደ ኪዳን ተነስቶ ጄሪካን ይዞ ይሰለፋል። የእትዬ በርሜል ሲሞላ ክዳኑ ላይ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ላይ ቁልፍ፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር።

አንድ እሁድ ስብከቱ ስለ መና ነበር፣ እስራኤል በረሃ ላይ መና ሲወርድላቸው የየቀኑን ብቻ ልቀሙ ተብለው ሳለ ነገ ባይወርድስ ብለው ያሳደሩት ሰዎች ጠዋት ሲያዩት ተልቶ ሸቶ እንዳገኙት፣ ዘጸአት 16 ላይ ያለው። እትዬ ሲሰሙ እያለቀሱ ነበር። እኔ ሰይጣን አልቀረብኝም፣ ወደ ቤት ስንመለስ "እትዬ፣ ይሄ የኛ በርሜልስ አይተላም ብለው ነው?" አልኳቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ። "ስማ አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ፋሲል ያን ሁሉ ታቦት ይዞ ግንቡን በግንብ አጥሮ አስራ ሁለት በር አበጅቶለታል። እኔ ከፋሲል እበልጣለሁ?"

እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የጎንደርን አርባ አራት ታቦት ፋሲል ብቻውን እንዳልተከላቸው፣ ከሱ በኋላ የነገሱት እየጨመሩ እዚያ እንዳደረሱት ሁሉም የከተማችን ሰው ያውቃል፣ ስለሱ አልተከራከርኩም። ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴስ አልኳቸው፣ በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ሥላሴን የጠበቃት ንብ ነው አይደል የሚባለው፣ ቁልፍ አይደለም።

"ንብ ነው" አሉ ኮራ ብለው።

"እና ቁልፉን ይፍቱና ንብ ያንቡ።"

ለሁለት ሳምንት አላናገሩኝም። ሥላሴን ራሷንም ሄዳችሁ ብታዩ እኮ ዙሪያዋን ግንብ ነው፣ ክብ ክብ ቤቶች ያሉት ወፍራም አጥር፣ ይሄን ያስታወስኩት ማታ ነው፣ እሳቸው ቢያስታውሱት አልቆልኝ ነበር። ደግሞ እዚህ ላይ ንስሐ ልግባ መሰል፣ እኔም አልጋዬ ስር ማንም የማያውቃት አንድ ሃያ ሊትር ጄሪካን አለችኝ። ጎረቤቴ ሕፃን ልታጥብ "ትንሽ ውሃ ይኖርሃል?" ብላ ስታንኳኳ "እግዜር ያውቃል ጠብታ የለኝም" ብያታለሁ። እግዜር ያውቃል ያልኩት ልክ ነው፣ ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ ግን ያሳፈረኝ የባጃጁ ነገር ነው። አንድ ቀን ጎሃ ሆቴል የታዘዘ ባነር አድርሼ ስመለስ ቁልቁለቱን በባጃጅ ለመውረድ ገባሁ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ተጠቅልለው፣ መስቀላቸውን ይዘው። ሹፌሩን አወቅኩት፣ የኔው ደንበኛ ነው፣ ኋላ መስታወቱ ላይ ያለውን ጥቅስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ "መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና" ይላል፣ ከመዝሙር 90 (91 የሚል ካለ ይበል)። ሙሉው "በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና" ነበር የሚለው፣ ግን መስታወቱ ጠባብ ነው፣ ፊደል ሲበዛ ይወደዳል ብዬው ከፊት ያለውን ቆርጠን ጣልነው።

ወረድን። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ልጁ ፍሬን ሲይዝ ባጃጇ አልሰማችም። ሁለተኛው ላይ በማርሽና በእግሩ ጫማ አቆማት። እኔ ብረቱን ይዤ ማርያም ማርያም እላለሁ፣ ቄሱ ግን ዝም ብለው ቆዩና፣

"ልጄ፣ ያ ኋላ የለጠፍከው ጥቅስ የማን ነው?" አሉት።

"የዳዊት ነው አባ።"

"ከዳዊት ሌላስ ማን ብሎታል?"

ልጁ አሰበ። "ብዙ ሰው ይለዋል አባ።"

"ሰይጣን ነው ያለው። ጌታን ቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አውጥቶ፣ ዝለል፣ መላእክቱን ያዝልሃል ተብሎ ተጽፏል ብሎ። ሰይጣን ሲጠቅሳት ምንዋን እንደተዋት ታውቃለህ? 'በመንገድህ ሁሉ' የምትለዋን። አንተም እሷኑ ነው የተውካት። ማነው የቆረጣት?"

እኔ ውጪ ውጪውን አየሁ። የጎንደር ከተማ ከዚያ ላይ ሲታይ እንዴት ያምራል።

"ጽሑፍ ቤቱ ነው አባ፣ ፊደል ሲበዛ ይወደዳል ብሎኝ" አለ ልጁ፣ በመስታወቱም አየኝ፣ ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ስም አልጠራም።

"ጌታ ምን ብሎ መለሰለት?"

"ጌታን አምላክህን አትፈታተነው" አለ ልጁ፣ ይሄን ያውቃል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሯል።

"ታዲያ ፍሬንህን ለምን አላሠራህም?"

"ሰሞኑን ላሠራው ነው አባ፣ እግዜር ካለ።"

"እግዜርማ ብሏል" አሉ ቄሱ፣ "አንተ ነህ ያላልከው። አውርደኝ።"

ቁልቁለቱ መሀል ላይ ወረዱ፣ ሂሳባቸውን ከፈሉ፣ ልጁ አይሆንም አባ ቢላቸው እምቢ አሉ፣ ሁለታችንንም በመስቀላቸው ባርከውን በእግራቸው ቀስ እያሉ ወረዱ። እኔም ለመውረድ እግሬን አንስቼ ነበር፣ ግን ፀሐይ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው፣ ደግሞ ቄሱ ባርከውናል ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰባራ ፍሬን ላይ በቡራኬ ወረድን እንግዲህ። ከታች ስንደርስ ቄሱን የቀደምናቸው አስር ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ነበር፣ ልጁ ፈርቶ በኤሊ እርምጃ ነበር የነዳው።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ሳልከፍት ልጁ ቆሞ አገኘሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም አለ፣ ሁለት ወር ሙሉ የሰይጣንን ቃል ተሸክሜ ጎንደርን ስዞር ነበር፣ ማርያምን፣ ባታን፣ ሚካኤልን፣ ስንቱን ደጅ በዚህ ጥቅስ ተሳልሜያለሁ፣ አሁኑኑ ሙሉውን አድርግልኝ። የኔም ሕሊና ስለነበረበት በነፃ ሰራሁለት፣ "በመንገድህ ሁሉ"ን በቀይ አድርጌ፣ ፊደሉን አሳንሼ፣ መስታወቱን ከዳር እዳር ሞላው፣ አሁን ኋላ ያለውን መኪና ማየት አይችልም።

"ፍሬኑስ?" አልኩት።

"መጀመሪያ ቃሉ ይስተካከል ብዬ ነው" አለኝ።

እሱ እንደሄደ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው፣ እትዬ። ሁለቱ ሳምንት አልቋል ማለት ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው ገብተው ግድግዳዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ "ዱቤ የለም" ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ፣ ከዛ ትልቅ ስቲከር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ።

"ምን ይበል እትዬ?"

"እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም።"

"የት የሚለጠፍ?"

"በርሜሉ ላይ ነዋ። ከቁልፉ ከፍ ብሎ።"

ሰራሁ፣ ምን ላድርግ። ቁጥሩን 22 በለው አሉኝ፣ 22 አልኩት። ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፣ መቶ ሃምሳ ብር ነው ልል አፌን ስከፍት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና "እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ እሱ ይክፈልህ" ብለው መርቀውኝ ወጡ።

ደብተሩን አውጥቼ ጻፍኩት፣ ስቲከር አንድ፣ መቶ ሃምሳ ብር። ከፋይ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።