ትኬት ይዤ ትኬት የለህም ተባልኩ

ኧረ ጀርመን ውስጥ ከከተማ ከተማ መሄድ እንዲህ ራስ እንደሚያዞር የነገረኝ የለም። ፍራንክፈርት ያለው የአክስቴ ልጅ «ወርሃዊውን የጀርመን ትኬት ያዝ፣ አገሩን በሙሉ ትዞርበታለህ» አለኝ። 63 ዩሮ። በ2023 ሲጀመር 49 ነበር፤ መቼም እኔ ስደርስ ነው ሁሉም የሚወደደው። በሱ የባንክ ሒሳብ ገዛንና በርሊን ልሄድ ደስ ብሎኝ ነጩ ፈጣን ባቡር ላይ ወጣሁ። ቡናዬን እንኳ ሳልጨርስ ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ስልኬን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ለካ ትኬቱ በየጣቢያው እየቆመ ለሚንቀረፈፈው ባቡር እንጂ ለፈጣኑ አይሠራም! ቅጣቱ ደግሞ ከ60 ዩሮ ይጀምራል። «አገሩን በሙሉ» ያልከኝ ወንድሜ፣ ይቺን ብቻ ረሳሃት?

እሺ፣ ለመልሱ የፈጣኑን ልግዛ አልኩ። ጠዋት ያየሁት ዋጋ ማታ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ልክ እንደ አውሮፕላን። ርካሹን ካገኘህም ለዚያች ባቡር ብቻ ነው፤ አርፍደህ ካመለጠችህ ብሩ ተበላ። በቀርፋፋው ልሂድ ካልክ በፈጣኑ 4 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው መንገድ ቀኑን ይበላዋል፣ ያውም ሻንጣ እየጎተትክ ከባቡር ባቡር እየቀያየርክ። አውቶቡሱ ይረክሳል፣ ግን ጉልበቴን የት ላድርገው?

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ትኬቱ በየወሩ ራሱን ያድሳል። ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዝክ የሚቀጥለውንም ትከፍላለህ። እኔ ያስታወስኩት በ12ኛው ነው። ይኸው አዲስ አበባ ገብቼም የአክስቴ ልጅ እየደወለ ነው።