ልጅን ቸር ለማድረግ አንድ ስልክ ይበቃል

የገና ሰሞን በመጣ ቁጥር ወላጆች ልጆቻቸውን ቸርነት ለማስተማር የሚያሳዩትን ትጋት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ዓመቱን ሙሉ «ዕቃህን ለማንም እንዳታውስ» ሲባል የከረመን ሕፃን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጋስ አድርጎ ማውጣት ተራ ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም። እነርሱ ግን ይችሉበታል፤ ማስረጃውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ በየማኅበራዊ ገጻቸው ይለጥፉታል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከዕቃ መረጣ ነው። ልጁ የአሻንጉሊት ሣጥኑን ዘርግፎ፣ ሌሊት አቅፎት የሚተኛውን ድብ ያነሣና «ይኼን ልስጥ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እናት «አይ የኔ ጌታ፣ እሱማ ገና አዲስ ነው» ብላ በርኅራኄ ትቀበለውና ከሣጥኑ ሥር ሦስት ጎማ ብቻ የቀረለትን መኪና ታወጣለታለች። ካርዶቹ የጎደሉ ጨዋታና ሌላ ልጅ ቀለም ቀብቶ የጨረሰው የሥዕል ደብተርም ይታከሉበታል። ሕፃኑ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ቤት ማጽዳትና መመጽወት አንድ ሥራ መሆናቸውን፣ ድኻ ደግሞ ጎማ የማይቆጥር ፍጡር መሆኑን ጠንቅቆ ይረዳል። እናትየው ባትደርስለት ኖሮ ምን ሊያደርግ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ላራ አክኒንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ብስኩት ሲቀበሉ ከነበራቸው ደስታ ይልቅ ሲሰጡ ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ በልጦ ተገኝቷል፤ ይባስ ብሎም፣ ከተመራማሪዋ የተሰጣቸውን ከሚያቀብሉበት ጊዜ ይልቅ ከራሳቸው ድርሻ ሲሰጡ የበለጠ ደስ ብሏቸዋል። እንዲህ ያለውን አደገኛ ዝንባሌ በጊዜ ያልቀጨ ወላጅ፣ ኋላ ድቡም አልጋውም ተሰጥቶ ቢያገኘው ማንን ሊወቅስ ነው?

ዋናው ትምህርት የሚሰጠው ግን በመስጫው ቦታ ነው። ልጁ መኪናውን ለእኩያው ያቀብላል፤ እኩያውም ይቀበላል። በድሮው ኋላ ቀር ሥርዓት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። አባት ግን ስልኩን እንደ ደገነ «ቆይ ቆይ፣ አልያዘውም!» ይላል፤ መኪናውም ከተቀባዩ እጅ ወጥቶ ወደ ሰጪው ይመለሳል። በሁለተኛው ልገሳ ተቀባዩ መሬት መሬት በማየቱ «አንተ ማሙሽ፣ ቀና ብለህ ፈገግ በል እንጂ» ይባላል፤ ስሙን የጠየቀው ስለሌለ ማሙሽ መባሉ በቂ ነው። በሦስተኛው ደግሞ ልጁ መኪናውን ግጥም አድርጎ ይዞ አልመልስም በማለቱ ቀረጻው ሊበላሽ ለጥቂት ተርፏል፤ ከአንዳንድ ተረጂዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ምስጋና ቢስነት መታየቱ ያሳዝናል። ያም ሆኖ አንድን መኪና ለአንድ ልጅ ሦስት ጊዜ መለገስ የተቻለበት ዘመን ላይ መድረሳችን፣ ጽድቅም እንደ ሌላው ነገር በብዛት ሊመረት እንደሚችል ያሳያል።

የቀደሙት ሰዎች በዚህ ረገድ ምንኛ ተጎድተዋል! ለገና አባት ታሪክ መነሻ የሆነው፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ በምትገኘው በሚራ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ፣ ትውፊቱ እንደሚለው ሦስት ድኻ ልጃገረዶች የሚዳሩበትን ወርቅ በሌሊት ወደ ቤታቸው ወርውሮ እንዳይታወቅ ተሰወረ። በሌሊት! በዚያ ብርሃን ፊቱም አይታይ፣ የልጃገረዶቹም ዕንባ አይታይ፤ ለልጆች የሚሆን አንዳች ትምህርት ሳያስቀር ወርቁን አባከነው። «ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ» የሚለው ምክርም ቢሆን ግራ እጅ ሥራ ፈት በነበረበት ዘመን የተነገረ ነው። ዛሬ ቀኝ ሲሰጥ ግራ ካልቀረጸ ማን ሊቀርጽ ነው?

ከቀረጻው በኋላ ለሕፃኑ ሽልማት ይገዛለታል፤ እንደ ልማዱም ከሰጠው ዕቃ በብዙ እጅ የሚበልጥ ነው። ፊሊክስ ዋርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ሰው በመርዳታቸው ዕቃ የተሸለሙ የ20 ወር ሕፃናት ኋላ ላይ ካልተሸለሙትና በቃል ብቻ ከተመሰገኑት ያነሰ እንደ ረዱ ጽፈዋል። ይህን እንደ ጉዳት መቁጠር የንግድን ነገር ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ዋጋውን ሳያውቅ ከሚረዳ ልጅ ይልቅ «ምን ትገዙልኛላችሁ?» ብሎ ከተስማማ በኋላ የሚረዳው ልጅ ነገ ቤተሰቡን አያሳፍርም።

አልፎ አልፎ ትምህርቱ ያልገባው ልጅ አይጠፋም። ከበዓሉ ብዙ ወራት ርቆ፣ በተራ ማክሰኞ፣ አንዱ ሕፃን ብርድ ላንቀጠቀጠው የክፍል ጓደኛው አዲሱን ሹራቡን አውልቆ ሰጥቶ በካናቴራ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አጠገቡ ስልክ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ሽልማትም አልጠየቀም። እናቱ እንዲህ ባለ ጊዜ የምታሳየው መረጋጋት ሊወደስ ይገባዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኻ፣ በማግስቱ ማለዳ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ «ልጅ ስለሆነ አታሎት ነው» በማለት ለመምህርቷ በትሕትና አስረድታ ሹራቡን ታስመልሳለች። ሹራቡ አሁን ታጥቦ፣ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እስከ መጪው ገና ለልጁ ስለሚጠበው ያን ጊዜ በሚገባው ክብር፣ በቀን ብርሃን፣ ይለገሳል።